ምን አውቅልህ?

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ የሚሠራበት ግን ስንቱ ነው? ልጅ ሆነን አባባሉን በሰማንበት ቤት፣ በዚያው ቀን፣ ከዚያው አፍ «ጥያቄ አታብዛ!» ተብለናል። እንግዳ በተቀመጠበት ከትልልቆች መካከል ገብቶ «ለምን?» ያለ ልጅ፣ ቁንጥጫው የሚጠብቀው እንግዳው ከተሸኘ በኋላ ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» የሚለውም ያው የኛው ተረት ነው። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውም እንደዚሁ። ተረቶቻችን እንደ ጠበቃ ናቸው፤ ለያዛቸው ሁሉ ይቆማሉ። ስለዚህ ጥያቄ ከጥበብና ከሞኝነት ጋር ያለውን ዝምድና ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ተረት ከሚቆጥር ይልቅ የምንኖረውን ኑሮ ቢመለከት ይሻለዋል ባይ ነኝ።

እንግዲህ ከልጅነት እንጀምር። ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን እንቆቅልሽ ስንጫወት የነበረውን ሥርዓት አንባቢ ያስታውሰዋል። ጠያቂው «እንቆቅልህ?» ይላል። ተጠያቂው «ምን አውቅልህ?» ይላል። ልብ በሉ፤ ጥያቄው ገና አልተጠየቀም። ተጠያቂው ምን እንደሚመጣበት ሳያውቅ፣ አስቀድሞ «እኔ ምን አውቃለሁ?» ብሎ እጁን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ነው «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» የሚባለው። «ጤዛ» ብሎ የመለሰ መለሰ። ያልመለሰስ? ያልመለሰ አገር ይጠየቃል። «አገር ስጠኝ!» ይባላል። ትንሽ አገር ቢሰጥ «አይበቃኝም» ይባላል። ጎንደርን ወይም ሐረርን ሲሰጥ፣ ጠያቂው «ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ!» ብሎ ይቀበልና፣ መልሱን ከመናገሩ በፊት ያንን ምስኪን የስድብ ውርጅብኝ ያወርድበታል። መልኩ፣ አለባበሱ፣ አበላሉ አይቀርለትም። የሚገርመው፣ ተሰዳቢው ራሱ ከሁሉ በላይ ይስቅ ነበር።

ይህ ጨዋታ ሁለት ትምህርት በአንድ ጊዜ ያስተምራል፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ናቸው። የመጀመሪያው «ምን አውቅልህ?» የሚለው ነው። ከዚህ የበለጠ የትሕትና አነጋገር የት ይገኛል? ሁለተኛው ግን፣ አለማወቅ አገር ያስነጥቃል፣ ያሰድባል የሚለው ነው። እኛ ካደግን በኋላ የመጀመሪያውን ለልጆች ትተን ሁለተኛውን ይዘን የወጣን ይመስለኛል። ቢሮ ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ፣ ሐኪም ፊት ስንቀመጥ ከውስጣችን «አገር ስጠኝ» የሚል ድምፅ ይሰማናል። ስለዚህ አንጠይቅም። ራስ መነቅነቅ ይቀላል።

ይህ ነገር ቀልድ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ ራሷን አሟት ሐኪም ዘንድ ሄደች። የደም ግፊት ነው ተባለች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በር ላይ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ብዙ ነው። ወረቀቱን ጽፎ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ፣ «ገባዎት እናቴ?» አላት። «አዎ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። እኔ ይህን «ገባህ?» የሚባለውን ቃል ከጥያቄ አልቆጥረውም። መልሱን በሆዱ ይዞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። «ገባህ?» ለተባለ ሰው ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው። «አልገባኝም» ቢል መምህሩን ደካማ፣ ራሱን ደደብ፣ ተራ የሚጠብቀውን ሰው ደግሞ ጊዜው የባከነበት ያደርገዋል። አክስቴ ስድስት ልጆች ያሳደገች፣ ዕቁብ የያዘች፣ በሂሳብ ነጋዴን የምታሸንፍ ሴት ነች። ገበያ ላይ አንዲት ኪሎ ምስር ለመግዛት ሃያ ጥያቄ ትጠይቃለች። ሐኪሙ ፊት ግን አንድም አልጠየቀችም። በኋላ ለምን ብላት «የተማረ ሰው ፊት እኔ ምን ብዬ ልጠይቅ?» አለችኝ።

ዓመት ሳይሞላ አንድ ቀን ማለዳ ግራ እጇና ግራ እግሯ አልታዘዝ አሏት። አፏ ተጣመመ። ከሆስፒታል ስትመለስ ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ይህን ቃል እንመልከተው። በአማርኛችን በሽተኛ «ይጠየቃል»፣ እስረኛ «ይጠየቃል»፣ አራስ «ትጠየቃለች»። ሄዶ አጠገብ መቀመጥንና ለማወቅ መፈለግን በአንድ ግስ የጠራ ሕዝብ ምንኛ ደግ ሐሳብ ነበረው! ግን ያን ቀን እኔ ያየሁት ቤት ሙሉ ጠያቂ ነበር፤ ጥያቄ ግን አልነበረበትም። ብርቱካን መጣ፣ ሙዝ መጣ፣ «እግዜር ይማርዎ» ተባለ፣ «ምን ይደረግ፣ የሱ ፈቃድ ነው» ተባለ። ከመካከላቸው መምህር ነበሩ፣ ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ነበሩ፣ ነርስነት የምትማር የዘመድ ልጅ ነበረች።

በመጨረሻ የገባችው ከሰፈሩ ጥግ ላይ ጀበና ዘርግታ ቡና የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሰፈሩ «ሞኝ ቢጤ ናት» ይላታል። ነገር ቶሎ አይገባትም፤ የገባትንም ደግማ ትጠይቃለች። ተቀምጣ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «እትዬ፣ ያንን ኪኒን ግን በየቀኑ ነበር የሚውጡት?» አለች። አክስቴ በተጣመመ አፏ፣ ነገሩ ግልጽ እንደ ሆነ ሁሉ፣ «ራሴን ሲያመኝ ነዋ! ሲሻለኝ ምን ያደርግልኛል? ለክፉ ቀን አስቀምጬዋለሁ» ብላ ከትራስጌዋ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ኪኒን አሳየችን። ከግማሽ በላይ ነበር። ለዓመት ያህል የቆጠበችው።

ቤቱ ዝም አለ። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም ሳያሰማ ሰውን የሚጎዳ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ የሚወሰደው ስላመመ ሳይሆን በየቀኑ እንዲወሰድ ስለታዘዘ ነው። ይህን በዚያ ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሰው ያውቅ ነበር። የሚያውቁት ሦስቱ ያልጠየቁትን የማታውቀው ጠየቀች። ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ የተማሩት «ይህንንማ ታውቃለች» ብለው ነው። አዋቂ ሰው ሌላውም የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ወይም እንደዚያ ያለ ተራ ነገር መጠየቅ ከማዕረጉ ዝቅ ያደርገዋል። ቡና ሻጯ ግን ዝቅ የምትልበት ደረጃ አልነበራትም። ሞኝ ከተባለች ቆይታለች፤ አንድ ጥያቄ ቢጨመርባት ምን ይጎድልባታል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞኝ የሚለውን ቃል ስሰማ ተረቱ ይመጣብኛል፤ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም»። ስንት ጊዜ ሰምቼው ሳላስተውለው ኖሬያለሁ! ያገራችን ሰው ሞኝን ሲተረጉም «የማያውቅ» አላለውም። «የያዘውን የማይለቅ» ነው ያለው። እንግዲህ ሞኝነት ባዶነት አይደለም፤ ሙላት ነው። ወረቀት የተጻፈበትን እንደያዘ ይኖራል፤ በላዩ ላይ ሌላ ሊጻፍበት ቢሞከር ይበላሻል እንጂ አይታረምም። በዚህ ትርጉም ከሄድን፣ ቡና ሻጯ ሞኝ አይደለችም። አክስቴም ሞኝ አይደለችም፤ ሲነገራት ወዲያው ተቀበለች፣ ዛሬ ኪኒኗን ከቁርሷ ጋር ትውጣለች። ሞኝ የሚባል ሰው ከተፈለገ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

እዚህ ላይ የግሪኩን ሶቅራጥስ ሳያነሣ የሚያልፍ ጸሐፊ የለም፤ እኔም አላልፍም፤ ግን ረዘም አላደርገውም። ኬሬፎን የተባለ ወዳጁ ዴልፊ ወደሚገኘው መቅደስ ሄዶ «ከሶቅራጥስ የሚበልጥ ጥበበኛ አለን?» ብሎ ቢጠይቅ «የለም» ተባለ። ሶቅራጥስ ይህን ሲሰማ አልተደሰተም፤ ግራ ገባው። ፖለቲከኞችን፣ ባለቅኔዎችን፣ የእጅ ባለሙያዎችን እየዞረ ጠየቀ። ባለሙያዎቹ ሙያቸውን በእርግጥ ያውቁ ነበር፤ ግን ሙያቸውን ስላወቁ ሌላውንም ሁሉ የሚያውቁ መሰላቸው። እሱ የሚበልጣቸው አለማወቁን በማወቁ ብቻ መሆኑን ተረዳ። «ምን አውቅልህ?» ማለት ነው። ነገር ግን እሱም እንደ እንቆቅልሽ ጠያቂ ነበረ። በአደባባይ፣ ወጣቶች ከበውት እያዩ፣ የከተማውን ታላላቅ ሰዎች «አገር ስጠኝ» እያለ አዋርዷቸዋል። አቴናውያንም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት አገር በመስጠት ፋንታ መርዝ ሰጡት። መግደላቸው ግፍ ነው። ነገር ግን ጥያቄ ሁሉ የተቀደሰ ነው የሚሉ ሰዎች ያንን የተዋረደ የአቴና ሰው አንድ ጊዜ ቢያስቡት ጥሩ ነበር።

ለነገሩ ሶቅራጥስ ወደ እኛም መጥቷል። በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ በመለሱት «መጽሐፈ ፈላስፋ» ውስጥ ስሙ አለ። ግን የመጣው ሲመክር ነው። የግሪኩ ሶቅራጥስ ይጠይቃል፤ የኛው ሶቅራጥስ ይመክራል። መንገድ ላይ ጥያቄውን ጥሎ መልሱን ብቻ ይዞ የገባ ይመስላል።

ይህን ስል የኛ ሊቃውንት አይጠይቁም ማለቴ አይደለም። መጽሐፍ ቤት ገብቶ የአንድምታ ትርጓሜ ሲነገር ያዳመጠ ሰው «ምነው እንዲህ አለ ቢሉ...» የሚለውን አነጋገር ያውቀዋል። «ስለምን ቢሉ...»። ጥያቄው ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው፤ ቅዱስ መጽሐፍን ራሱን ፊት ለፊት የሚፈትን ነው። ነገር ግን ያ «ቢሉ» ምን ይባላል? የሚሉት እነማን ናቸው? ማንም አይደሉም። መምህሩ ጥያቄውን ስም ለሌለው፣ በጉባኤው ለሌለ ሰው ያለብሱትና መልሱን በራሳቸው አፍ ይሰጣሉ። እኔ ይህን ታላቅ ብልሃት አድርጌ አየዋለሁ። ጥያቄው ተጠየቀ፤ ጠያቂ ግን አልተያዘም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ጥያቄ ካባ ለብሶ ሊወጣ የግድ ነበር።

ካባውን አውልቆ ወጣ የሚባለው ዘርዐ ያዕቆብ ነው። መጽሐፉ እንደሚለው በ1592 ዓ.ም. አክሱም አካባቢ ተወልዶ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ኖረ። የጠየቀውም እዚያ ነው፤ የምጸልይለት ይሰማኛልን? በመጻሕፍት የተጻፈው ሁሉ እውነት ነውን? እያንዳንዱ «የኔ ሃይማኖት ልክ ነው» ሲል ማን ይፈርዳል? መጽሐፉን የጻፈው ኢጣሊያዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚለውን ክርክር ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 አነሣ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተሟገቱ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። «የኛ ነው»፣ «የነሱ ነው» እያልን ስንጣላ፣ የተጠየቀውን ጥያቄ የሚመልስ ቀርቶ የሚደግመው እንኳ ጠፋ። የመጽሐፉ ስም «ሐተታ» ነው። በግእዝ ሐተተ ማለት መረመረ፣ ጠየቀ ማለት ነው። ዛሬ በከተማው አማርኛ «ሐተታ አታብዛ» ሲባል ምን ማለት ነው? «ወሬ አታብዛ!» መመርመር የሚለው ቃል ለፍላፊነት ሆኖ ቀረ። አንድ ቃል እንዲህ ሲወድቅ ከኋላው ምን እንደወደቀ መገመት አያቅትም።

«ጥያቄ» የሚለውም ቃል የራሱ ታሪክ አለው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ የተመለከተውን ጽሑፉን አወጣ። የመሬት ጥያቄ፣ የብሔረሰቦች ጥያቄ፣ የሴቶች ጥያቄ ይባል ነበር። የዚያን ትውልድ ድፍረት ማንም አይክደውም፤ ከባድ ነገር ነው የነካው። ነገር ግን ቃሉን ተመልከቱት። በዚያ ዘመን «ጥያቄ» ማለት የማላውቀውን ንገረኝ ማለት አልነበረም። መልሱን አውቄዋለሁ፣ ስጠኝ ማለት ነበር። እያንዳንዱ ድርጅት የሌላውን ጥያቄ ሳይሆን መልሱን ይዞ ቆመ፤ መልስና መልስ ደግሞ ሲገናኙ ተታኮሱ። መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ተመለሰ። ገበሬው በእርግጥ ተደሰተ። ጥቂት ቆይቶ እህሉን በተቆረጠ ዋጋ፣ በኮታ፣ ለመንግሥት እንዲያስረክብ ሲታዘዝ ግን «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለው አልነበረም። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ «ጥያቄ ያለው?» ሲል የነበረውን ዝምታ በዕድሜ የደረሰ አንባቢ አሁንም በጆሮው ይሰማዋል። ያ «ጥያቄ ያለው?» የ«ገባህ?» ታላቅ ወንድም ነበር።

ከዚያ በፊት የነበረው የሙግት ሥርዓት በዚህ በኩል ይሻል ነበር ብል ያለፈውን ናፋቂ እባል ይሆናል። ቢሆንም እላለሁ። በዛፍ ጥላ ሥር ሁለት ባላጋራዎች ሲቆሙ «በላ ልበልሃ» ይባባላሉ፤ «ተጠየቅ» ሲባል «ልጠየቅ» ይባላል። ጠያቂው ራሱ ለመጠየቅ ፈቅዶ ነው የሚጠይቀው። ዛሬ «ተጠያቂነት» የምንለው ትልቅ ቃል ሥሩ እዚያ ነው፤ ሊጠየቅ የሚችል ሰው መሆን። ተጠያቂ ሳይሆን ጠያቂ ብቻ መሆን የሚፈልግ ሰው መርማሪ ፖሊስ ነው፤ መምህርም አለቃም ቢሆን።

ደግሞም የሚጠይቅ ሁሉ ብልህ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። ነገር የሚፈልግ አለ፤ ሥራ ላለመሥራት የሚጠይቅ አለ፤ ማወቁን ለማሳየት ጥያቄውን እንደ ንግግር የሚያስረዝም አለ። ይህኛውን በየመጽሐፍ ምረቃው እናውቀዋለን፤ ማይክራፎኑን ይዞ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» የሚለው ሰውዬ። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ወጣቶች ስልካቸውን ይጠይቃሉ። አልነቅፋቸውም። ስልክ አይቆጣም፣ አይስቅም፣ «ይህንንም አታውቅም?» አይልም፤ አክስቴም ስልክ መጠየቅ ብትችል ኖሮ ባልተጎዳች። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል፤ «ምን አውቅልህ?» ማለት አልለመደም።

ስለ ጥያቄ ተነሥቶ ንግሥተ ሳባን መዝለል አይቻልም። መጽሐፈ ነገሥት «በእንቆቅልሽ ልትፈትነው መጣች» ይላታል እንጂ ምን እንደጠየቀችው አንዱንም አይነግረንም። ክብረ ነገሥት ግን አንዱን አቆይቶልናል። አባቶቿ ፀሐይን ያመልኩ ነበር፤ እሷ ደግሞ ማንን ማምለክ እንደሚገባት ሰሎሞንን ጠየቀችው። አንዲት ንግሥት፣ ሕዝቧ ሁሉ የሚሰግድለትን፣ ዙፋኗ የቆመበትን ነገር በእጇ ይዛ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዛ፣ በባዕድ ቤት «ልክ ነውን?» አለች። መልሱ ያለው ተቀምጦ ነበር፤ የተጓዘችው ጥያቄ ያላት ናት። በታሪካችን የከበረው ግን ይዛ የሄደችው ጥያቄ አይደለም፤ ይዛ የተመለሰችው ፅንስ ነው። ፒያሳ የስጦታ ዕቃ ሱቆች ውስጥ ታሪኳ በአርባ አራት ሥዕል ተከፋፍሎ በሸራ ላይ ይሸጣል። ግብሩ ተሥሏል፣ ያቃጠላት ወጥ ተሥሏል፣ ሌሊት ተነሥታ የጠጣችው ውኃ ተሥሏል። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚነጋገሩበትም ሥዕል አለ፤ የንግሥቲቱ አፍ ግን ተዘግቶ ነው የተሣለው።